ነጥብ የሌለው ገጽ

እኔ እምነቴን የተውኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያውም በማስረጃ። ሌላው ሰው ተናዶ ይተዋል፣ ወይም ቀስ በቀስ ይሰንፍና ይረሳዋል። እኔ ግን ደብተር ነበረኝ። የአርባ አንድ ቀን ደብተር፤ በየቀኑ ሁለት ዓምድ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ። ካደግኩም በኋላ ስለ ጸሎት የሚሟገተኝ ሰው ሲገጥመኝ "እኔ ሞክሬዋለሁ" እላለሁ፤ ደብተሩን ግን ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

አባቴ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። በዚያ ዓመት ቅዱስ መጽሐፉ እንደ አዲስ ሊታተም ፊደሉ አንድ በአንድ እየተለቀመ ይደረደር ስለነበር፣ ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ እሱ ብቻ ሆነ። አባቴ አያምንም። የማያምንበትን መጽሐፍ ግን ከሚያምኑት ሁሉ በላይ ያውቀዋል፤ ገጹን ብትነግሩት መስመሩን ይነግራችኋል።

እርማት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከዋናው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በአዲሱ ገጽ ላይ በዓይኑ ይከተላል። አባቴ ያላለቀ ሥራ ወደ ቤት ይዞ ሲመጣ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። የሚነበበው ደግሞ እንደ ተረት አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ይነበባል። "ተነሣም፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ሄደም፣ አራት ነጥብ።" ድምፄን ከፍ ዝቅ ካደረግኩ ይቆጣኛል። "አትተርኪልኝ፤ አንብቢልኝ" ይለኛል። "እኔ እኮ አስታውሰዋለሁ፣ እንዲህ ነው የሚለው" ካልኩት ደግሞ፣ "ትዝታሽን ተዪው፤ የተጻፈውን አንብቢ" ይለኛል። ገጹ አልቆ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሲያረጋግጥ፣ በግርጌው በቀኝ ጥግ በእርሳስ አንዲት ነጥብ ያሳርፋል። ካላወቋት የማትታይ ነጥብ ናት።

"ይህቺ ምንድን ናት?" ብዬ ጠይቄው ነበር።

"ይህ ገጽ ከዋናው ጋር አንድ ነው ማለት ናት። ያለ እሷ ከእጄ አይወጣም።"

ያኔ እናቴ ታማ ተኝታለች። ለእኔ "ድካም ነው" ተብሎ ተነግሮኛል፤ ሕመሟ የልብ ነበር። ደረጃ መውጣት ስላቃታት አልጋዋ ከላይ ወርዶ መመገቢያው ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ስር ተዘርግቷል። የአባቴ እኅት ልታስታምማት መጥታ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ስለዚህ በእኛ ቤት የሚበላውም፣ የሚታረመውም፣ የሚሟገቱበትም ሁሉ እናቴ አልጋ አጠገብ ነበር።

ሙግቱ የእሑድ ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሰባኪ ነበር፤ ድምፁ ግድግዳ የሚያልፍ፣ ከኮቱ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የሚጎድል። ሰብኮ ሲጨርስ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። እሱና አባቴ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ካልተከራከሩ እሑድ እሑድ አይመስላቸውም።

"እስቲ በዚህ ሳምንት ስንት ስሕተት አገኘህ?" ይላል አጎቴ ገና ሳይቀመጥ።

"አሥራ ሰባት። አንድ ቦታ ሙሉ መስመር ተዘሏል። ሁለት መስመር በአንድ ቃል ሲጀምር የፊደል ለቃሚው ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ይኼ እንግዲህ መብራት ያለው፣ መነጽር ያለው፣ ደሞዝተኛ ሰው ነው። ያ በብርድ ጣቱ ደርቆ፣ በኩራዝ መጽሐፍ ሲገለብጥ የኖረው የጥንቱ ጸሐፊስ? የእሱን ስሕተት ማን አረመው?"

"ይኼ ሁሉ እጅ ነክቶት ዛሬም ነገሩ ያው መሆኑ አይገርምህም?"

"ያው መሆኑን በምን አወቅህ? ዋናው የታለ? ዋናውን አየሁ የሚል ሰው አለ?"

"አንተ በዚህ አያያዝህ አባትህንም ካላየሁ አላምንም ልትል ነው!"

"አባቱንስ እኔ አይቻቸዋለሁ" አለች እናቴ ከአልጋዋ። "ቁርጥ እሱን ናቸው፤ ጭቅጭቁ ሳይቀር።"

ሦስቱም ሳቁ። አባቴ ግን ከሳቁ ቀድሞ ተመለሰ። እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ "ስሕተት ሦስት ዓይነት ነው" አለ። "አንዱ የድካም ነው፤ እሱ ያስታውቃል። አንዱ የዓይን ነው፤ እሱም ተፈልጎ ይገኛል። ሦስተኛው ግን የርኅራኄ ነው። ገልባጩ የጻፈው ነገር ለአንባቢው ይከብደዋል ብሎ ያዝናል፤ እስቲ ይህቺን ባለሰልሳት ይላል። እሱ አይገኝም። ለምን ብትለኝ፣ ከትክክለኛው ይልቅ ያምራል።"

"አንተስ እንዲህ አድርገህ አታውቅም?"

"እኔ? ባደርገው እጄን ይቁረጠው!"

ርኅራኄ ያኔ ለእኔ እንደ ጉንፋን ያለ፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ላይ የሚወጣ በሽታ መሰለኝ። አባቴን እንዳይዘው ፈራሁ።

በሚቀጥለው እሑድ አጎቴ ከምሳ በፊት እናቴ ግንባር ላይ እጁን ጭኖ ጸለየ። ሲጨርስ እሷ ዓይኗን ገልጣ ፈገግ አለች። "አየህ?" አለ ወደ አባቴ ዞሮ። "ቀለል ብሏታል።"

"ባትጸልይስ ኖሮ?"

"እንዴት ባልጸልይ?"

"እሱን እኮ ነው የምልህ!" አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። "ያልጸለይክበት ቀን የለህም። የምታመሳክርበት ሁለተኛ ቅጂ የለህም ማለት ነው። አንድ ቀን ጸልይ፣ አንድ ቀን ተው፤ ጻፈው፤ አመሳክረው። ከዚያ መጥተህ አናግረኝ!"

እኔ የተናደደ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ በዚያው ሳምንት ሁለት ወር እንደማትቆይ ለአባቴ ነግሮት እንደነበር ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አባቴ ያን ቀን ይጣላ የነበረው ከአጎቴ ጋር አልነበረም።

እኔ የሰማሁት ግን ትእዛዙን ነው፤ ጻፈው፣ አመሳክረው። አዲስ ደብተር እስካገኝ እስከ ዓርብ ቆየሁ። በመጀመሪያው ዓምድ ጠዋት ጠዋት "ጸለይኩ" ወይም "አልጸለይኩም" ብዬ እጽፋለሁ። በሁለተኛው ማታ ማታ የእናቴን ሁኔታ እሞላለሁ። መጀመሪያ ያለ ጸሎት እንዴት እንደምትሆን ለማየት ብዬ በ"አልጸለይኩም" ጀመርኩ፤ ከዚያ አንድ ቀን እየጸለይኩ፣ አንድ ቀን እየተውኩ በተራ ሄድኩ። ደብተሩን ማንም አያገኘውም ብዬ የደበቅኩት የት መሰላችሁ? እናቴ ፍራሽ ስር። በዘጠነኛው ቀን የሳል ሽሮፕ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደፍቼ ቡናማ እድፍ ሠራሁበት።

የማስበው እንዲህ ነበር። ሃምሳ ቀን ሲሞላ ደብተሩን አባቴ ፊት አስቀምጣለሁ። አባቴ ማስረጃ ካየ ያምናል። ካመነ ይጸልያል። እሱ ደግሞ የያዘውን ሥራ ስለማያበላሽ፣ እሱ ከጸለየ እናቴ ትድናለች። ከዚያ በፊት ቸኩዬ በየቀኑ ብጸልይ ግን ማመሳከሪያው ይበላሻል።

ውጤቱ እኔንም አስደነገጠኝ። "ጸለይኩ" ባልኩበት ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ትራስ ተደግፋ፣ ጸጉሯን ተበጥራ ትጠብቀኛለች። ሾርባዋን ትጨርሳለች፤ ማን እንደመታኝና ማንን እንደመታሁ ትጠይቀኛለች። "አልጸለይኩም" ባልኩበት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። አንድ ቀን እንኳ ዝንፍ አላለም። ደስታዬን ለማን እንደምናገረው አጥቼ ደረጃው ላይ ለብቻዬ እዘል ነበር።

አክስቴ የነገረችኝ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። እናቴ ደብተሩን በሁለተኛው ቀን አግኝታዋለች። ከዚያ በኋላ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ የፍራሹን ጥግ እያስነሳች ታነበው ነበር። "ጸለይኩ" የሚል ካገኘች፣ እኔ ከመምጣቴ ግማሽ ሰዓት በፊት "አበጥሪኝ፣ አስቀምጪኝ" ትላታለች። እጄን ልታጠብ ስወጣ ትወድቃለች። "ተዪ፣ ራስሽን ትጎጃለሽ ብላት፣ 'ልጄ ስትሸነፍ ልይ?' አለችኝ" ብላ አክስቴ አለቀሰች። ያ ማስመሰል ስንት ቀን እንዳሳጠረባት አልጠየቅኳትም።

አርባኛው ቀን ማክሰኞ ነበር፤ የጸሎት ቀን። እናቴ ከሁሉም ቀን በላይ ደኅና ነበረች። እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ እኔም ከነነጠላ ሰረዙ አነበብኩላት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሾርባዋን ጨርሳ ሳህኑን አሳየችኝ። የማክሰኞን ዋጋ ረቡዕ ከፈለችው ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ትንፋሿ ይቆራረጣል። ከንፈሯ ሌላ ቀለም ይዟል። አክስቴ መስኮቱን እየከፈተች "ሂጂ፣ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል" ትለኛለች። ቦርሳዬን አንግቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ጸሎቱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ተራው ግን አይደለም። ዛሬ ብጸልይ አርባው ቀን ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ አባቴም አያምንም፤ እሷም አትድንም። ደብተሩን አውጥቼ "ረቡዕ፣ አልጸለይኩም" ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሸጎጥኩት። ስስማት እጇን ትንሽ ከፍ አድርጋ መልሳ ጣለችው። መንገድ ላይ ጸሎቱ በራሱ እንዳያመልጠኝ ምላሴን ነክሼ የመብራት ምሰሶ እየቆጠርኩ ሄድኩ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አጎቴ የክፍላችን በር ላይ ቆሞ አየሁት። መምህሯ ስሜን ሳትጠራ ተነሣሁ።

ለቅሶው እስኪያልፍ ተብሎ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቤት አሥር ቀን ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ምን እንዳደረግኩ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊዋ ዳቦ ስታቀርብልኝ "ተራው አልነበረም" እላታለሁ፤ ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም። ዳቦው ይደርቃል። ሴትዮዋ ጨንቋት ለአባቴ ሄዳ እንደነገረችው የሰማሁት ኋላ ነው።

በአሥረኛው ቀን አባቴ ሊወስደኝ መጣ። ጺሙን አልተላጨም፤ ዓይኑ ቀልቷል። ከኮቱ ውስጥ ደብተሬን አውጥቶ ሰጠኝ።

"ከፍራሹ ስር አገኘሁት። ያንቺ ነው።"

በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። በእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ በዚያው ጠማማ ፊደሌ፣ "ረቡዕ፣ ጸለይኩ" ይላል። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ነው።

ምሰሶዎቹን አስታውሳለሁ። ምላሴ ላይ ያለው ቁስል ገና አልዳነም። ግን ጽሑፍ ባለበት ትዝታ ምንድን ነው? ለካ በሩ ላይ ተሸንፌ፣ ተራዬን አፍርሼ ጸልዬ ኖሯል።

"አባዬ፣ ጸልዬ ነበር እንዴ?"

"ምን ይላል?"

"ጸለይኩ ይላል።"

"እንግዲህ" አለና ቦርሳዬን አንሥቶ ወደ በሩ ዞረ።

"አዎ" አላለኝም። ያን ያስተዋልኩት አሁን ነው። ያን ጊዜ ያስተዋልኩት የሽሮፑ እድፍ አለመኖሩን ብቻ ነበር፤ አክስቴ ያላጸዳችው ነገር ስለሌለ እሱንም አጽድታው ነው ብዬ አለፍኩት። ያን ቀን ዳቦ በላሁ። ከደረቴ ላይ አንድ ነገር ሲነሣ ተሰማኝ። እሱ በተነሣበት ቦታ ግን ሌላ ነገር ገባ፤ ጸልያለሁ፣ እሷም ሞታለች።

በሚቀጥለው እሑድ አጎቴ መጣ። ሾርባው ቀረበ፤ ማንም አልተከራከረም። አልጋው ተነሥቶ ወለሉ ላይ አራት የእግር ምልክት ቀርቷል። ሙግቱን እኔ ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። አርባ አንድ ቀን። በመጨረሻው ቀን ጸልዬ ነበር። አይሠራም።"

አባቴ ያመሰግነኛል ብዬ አየሁት። ወንበሩን ገፍቶ ወደ ጓሮ ወጣ። አጎቴ አፉን ከፈተ፤ የአባቴን ባዶ ወንበር አየ፤ እኔን አየ፤ መልሶ ዘጋው። "እሺ፣ የኔ እናት" አለኝ። ያ ግድግዳ የሚያልፈው ድምፅ ከጠረጴዛው ማዶ እንኳ በጭንቅ ነበር የተሰማኝ።

ያሸነፍኩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በየእሑዱ እየተገናኙ አንድም ቀን ሳይከራከሩ አረጁ፤ አባቴ ለተሸነፈው የሚስቱ ወንድም አዝኖለት ነው አልኩ። አባቴ ከቅዱስ መጽሐፉ ሥራ ወጥቶ የባቡር ሰዓት ሰሌዳና የመድኃኒት መግለጫ ማረም ሲጀምር ደግሞ፣ ስለማያምን ዝቅ አደረጉት አልኩ። ለካ ራሱ ለምኖ ነው የወጣው።

አባቴ አምና ሞተ። እኔም አራሚ ነኝ፤ እጁ ወደ እኔ ዞሯል። ባለፈው ወር የማተሚያ ቤቱ ዕቃ ቤት ሊፈርስ ሲል ጠባቂው "የአባትሽን ወረቀት ውሰጂ" ብሎ ደወለልኝ። አንድ ሳጥን ሙሉ የእርማት ገጽ። እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብዬ አገላበጥኩ። በእያንዳንዱ ግርጌ፣ በቀኝ ጥግ፣ ያቺ ነጥብ አለች። ሠላሳ አራት ዓመት ረስቻት ነበር። ከደብተሬ የጠፋው የሽሮፕ እድፍ ትዝ አለኝ።

ቤት ገብቼ ደብተሬን ከልብሴ ስር አወጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ፣ ነጥብ። እድፉ ሊኖር የሚገባው ሁለተኛው ገጽ፣ ነጥብ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ላይም አለች። እኔ በሕይወቴ ደብተር ላይ እንዲያ ያለ ነጥብ አድርጌ አላውቅም። በእስክሪብቶ የተጻፈውን "አልጸለይኩም" ሳያስታውቅ ማጥፋት እንደማይቻል አባቴ ያውቃል። ስለዚህ ተመሳሳይ ደብተር ገዝቶ፣ የልጁን ፊደል አስመስሎ፣ አርባ አንዱን ቀን በሙሉ ገልብጦታል። ገጹ ባለቀ ቁጥር ከዋናው ጋር አመሳክሮ፣ እጁ በልማዱ ነጥቡን አሳርፏል።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ነጥብ የለም። ደጋግሜ አየሁት፤ መብራት ስርም አየሁት። ጽሑፉን ለእኔ ብሎ አጣሞታል፤ ከዋናው ጋር አንድ ነው ብሎ መፈረም ግን አልሆነለትም።

በማግስቱ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ልጁ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። ደብተሩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። በጣቱ ሽፋኑን ዳሰሰው።

"በመጨረሻ አነበብሽዋ" አለኝ። "ከአልጋው ስር ያለውን ካርቶን ሳቢው።"

ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ደብተር ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቡናማ እድፍ አለው።

"በዚያው ሳምንት ነው ያመጣልኝ። 'ቤት ላስቀምጠው አልችልም፤ ዋናውን ላቃጥለው ደግሞ አልችልም' አለኝ። 'አንድ ቀን ተው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ ከእኔ አፍ ሰምታ ነው' እያለ በሬ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።"

"ታዲያ ያን እሑድ 'አይሠራም' ስልህ አንተ ለምን ዝም አልክ? አንዲት ቃል ብትናገር እኮ እምነቴ ይመለስ ነበር።"

"ምን ልበልሽ? 'አልጸለይሽም ነበር' ልበልሽ? ፈጣሪ ትልቅ ነው፣ ይችለዋል ብዬ ተውኩት። አንቺ ግን ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።"

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው ሽንፈት ስኮራ ኖሬያለሁ። አፈርኩ።

ቆይቶ "አንብቢልኝ" አለ። "እንደ አባትሽ።"

ሁለቱን ደብተሮች ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። ድምፄን ከፍ ዝቅ አላደረግኩም። "ዓርብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አልጸለይኩም፣ አራት ነጥብ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ አራት ነጥብ።" አምስቱ ገጽ አንድ ነው። በስድስተኛው ማክሰኞን አለፍኩና ከዋናው ላይ አነበብኩ።

"ረቡዕ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አልጸለይኩም፣ አራት ነጥብ።"

"እኔ ጸልዬ ነበር" አለ አጎቴ።

"መቼ?"

"ያን ረቡዕ። አንቺ በተውሽባቸው ቀኖችም ሁሉ። እኔ የዘለልኩት ቀን የለም። ያን ዕለት ሊጠሩኝ ሲመጡ ተንበርክኬ ነው ያገኙኝ።"

"እና?"

የማያዩ ዓይኖቹን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"እናማ ሞተች።"

በዘጠኝ ዓመቴ ያላለቀስኩትን እዚያ፣ ሁለት ደብተር ታቅፌ አለቀስኩት። አጎቴ እጄን ይዞ ጠበቀኝ፤ አልጸለየልኝም፣ አላጽናናኝም። ስረጋ፣ "ሌላ የቀረ አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ነው።"

"በሁለቱም?"

"በሁለቱም።"

"እንግዲያው እዚያ ላይ አንድ ናቸው" አለ።

እርሳሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ነጥቧን ላሳርፍ ብዬ እጄን ከተትኩ፤ ባዶውን መለስኩት።